የአባ ቦታ

ኳስ ተጫዋች መሆኔን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ ሁለት ነገር ይጠይቀኝ ነበር። አንደኛው «ዘንድሮ ስንት ጎል አገባህ?» የሚለው ነው። ተከላካይ ነበርኩ። ደሞዝ የሚከፈለኝ ጎል እንዳይገባ ነበር፤ ይህን ለስንት ሰው እንዳስረዳሁ አላህ ይወቀው። ሁለተኛው «ቤተሰብ እንዴት ነው?» የሚለው ነው። ለዚህኛው «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው» እላለሁ። ውሸት አይደለም። ግን ደህና መሆናቸውን እኔም እንደ ጠያቂው በወሬ ነበር የምሰማው።

ሰው የተጫዋች ኑሮ ሜዳ ላይ ያለው ይመስለዋል። ሜዳው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ የቀረው ሆቴል ነው። በተለይ ሊጉ ከተማ እየተመረጠ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ ቡድኖች ሁሉ ጓዛቸውን ጠቅልለው አንድ ከተማ ይገቡና እዚያው ይከርማሉ፤ ከዚያ ተነቅለው ወደ ሌላ ከተማ። ክለባችን ያለበት ከተማ ቤት ተከራይተህ ሚስትህን ላምጣ ብትል፣ እሷ ሰው በማታውቅበት አገር ብቻዋን ቤት ልትጠብቅ ነው። ስለዚህ አብዛኞቻችን ሚስቶቻችንን እናቶቻችን ዘንድ ትተን፣ ሻንጣችንን ጎትተን እንዞራለን።

በሆቴሉ ኮሪደር ከሰዓት በኋላ ብታልፍ ከየክፍሉ የምትሰማው የአባቶች ድምፅ ነው። «ምሳ በላሽ?» «ማን መታህ?» «ስልኩን ለእናትህ ስጣት።» አንዱ በወላይትኛ ይቆጣል፣ አንዱ በትግርኛ ያባብላል፣ እኔ በሐረሪ «በቅርብ ቀን እመጣለሁ» እላለሁ። አብሮኝ የሚያድረው በረኛችን ከደቡብ የመጣ ግዙፍ ሰው ነው፤ ቅጣት ምት ሲመታ አጥር እንድንሠራለት ሲጮህብን ስታዲየሙ ይንቀጠቀጣል። ያ ሰውዬ ለልጁ በስልክ እሹሩሩ ይላል። ልጁ ከተኛ በኋላም ስልኩን አይዘጋም፤ ትራስ ላይ አስቀምጦ ትንፋሹን ያዳምጣል። መጀመሪያ ሰሞን እስቅበት ነበር። ኋላ ላይ ቴሌቪዥኑን ዝቅ አድርጌለት እወጣ ጀመር።

የኛ ቤት ሐረር፣ ከኤረር በር ገባ ብሎ፣ በግንቡ ውስጥ ነው። የሐረሪ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ይቸገር ይሆናልና ላስረዳ። ስትገባ ወንበርና ሶፋ አታገኝም። ከወለሉ ከፍ ከፍ እያሉ የተሠሩ፣ ቀይ የተቀቡ፣ ምንጣፍና ትራስ የለበሱ መደቦች አሉ፤ ነደባ እንላቸዋለን። ማንም ደስ ያለው ላይ አይወጣም። ለእንግዳ የሚሆን አለ፣ ለሽማግሌ የሚሆን አለ፣ ልጆች የሚሰበሰቡበት አለ። አንደኛው፣ በሩን ቁልጭ አድርጎ የሚያየው፣ አሚር ነደባ ይባላል። የአባወራው ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ተቀምጦ የሚገባውንም የሚወጣውንም ሲያይ ኖረ። ወደ አኼራ ሲሄድ ቦታው ለኔ ለበኩር ልጁ ተላለፈ። ተላለፈ ስል ስሙ ነው የተላለፈው፤ እኔማ ሌላ ከተማ የሆቴል አልጋ ላይ ነኝ።

እናቴ ግን በዚህ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም። ባለቤቱ ስለሌለ ተብሎ ሥርዓት አይፈርስም አለች። አጎቴ ከድሬዳዋ ሲመጣ «እዚያ አይደለም፣ ወዲህ» ብላ ታዞረዋለች። ባለቤቴ የታጠበ ልብስ አጣጥፋ ለአንድ አፍታ ብታስቀምጥበት ትነሳባታለች። ዓርብ ዓርብ ምንጣፉን ታራግፋለች፣ ትራሱን በመዳፏ ትጠርጋለች፣ ከዚያ ባዶውን ትተወዋለች። ልጄ መዳህ ጀምራ ወደዚያ በተንጠለጠለች ቁጥር «ውረጂ፣ የአባ ቦታ ነው» ትባላለች። አፏን ስትፈታ ቀድመው ከወጧት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው አለችኝ ባለቤቴ፤ ድመቷን ሳይቀር «ውረጂ፣ የአባ ቦታ ነው» እያለች ታባርራለች።

እናቴ ይህን ያደረገችው ልጅቷ አባቷን እንዳትረሳ ብላ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የሆነው ግን ልጅቷ ቦታውን አወቀችው፣ እኔን ግን አላወቀችም።

እንዴት ልታውቀኝ? ጡት ሳትጥል ነው የተለየኋት። የዚያን ዓመት የክረምት እረፍት ጉልበቴን ታምሜ አዲስ አበባ ስታከም አለቀ። ዒዱም አለፈኝ፣ ከዒዱ በኋላ የምናከብረው ሸዋሊዱም አለፈኝ። ከሕክምናው ቀጥታ ወደ ልምምድ ገባሁ። በስልክ መልኬን ስታይ ግን ትስቅ ነበር፤ «አባ!» እያለች ስክሪኑን ትስመዋለች። እሱ ነበር ስንቄ።

ያም ቢሆን ብዙ አልቆየም። ቡድናችን መሸነፍ ጀመረ። አንዴ ሲሆን ዳኛው ነው አልን፤ ደጋግሞ ሲሆን ዳኛም አለቀብን። አሰልጣኛችን ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቁጡ ሰው ናቸው። ሐሳባችን ተበትኗል ብለው ከልምምድ ውጪ ስልካችንን ሰበሰቡ፤ ማታ ማታ ለአጭር ጊዜ እየሰጡ መልሰው ይወስዱታል። በዚያች ቅጽበት የሆቴሉ ኔትወርክ ላይ ሁሉም ስለሚረባረብ ምስል የሚባል ነገር የለም፤ ድምፁም እየተቆራረጠ ነው። እኛ ተጫዋቾች ደግሞ በበኩላችን ተማምለን እስክናሸንፍ ድረስ ፂም አንላጭም አልን። ኳስ ተጫዋች ሲጨንቀው የማያደርገው ነገር የለም። ማሸነፉ ዘገየ፣ ፂሙ ግን ቀን አልቆጠረም። በረኛችን መስተዋት ፊት ቆሞ «ተቃራኒ ቡድን በጎል ሳይሆን በርኅራኄ ሊያልፈን ነው» ይል ነበር።

በዚህ መሀል ነው ክለቡ ውሌን ለሁለት ዓመት ላራዝም ብሎ የጠራኝ። ውሌ በዚያው ዓመት ያልቅ ነበር። ዕድሜዬ ለተጫዋች ብዙ ነው፤ ጉልበቴም ብርድ ሲነካው ያማርራል። በዚህ ዕድሜ ሁለት ዓመት ልስጥህ የሚል ክለብ መገኘቱ እድል ነው ሲሉኝ አመንኩ። ወረቀቱን ከመፈረሜ በፊት ግን ለባለቤቴ ደወልኩ። «አንተ እንዳልክ» አለችኝ። እኛ ቤት «አንተ እንዳልክ» ማለት እምቢ ማለት ነው። አላህ ያውቃል፣ ገብቶኝ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ እፈርማለሁ ብዬ ቀጠሮ ያዝኩ።

ከዚያ ሊጉ ድሬዳዋ ሊሄድ ነው ተባለ።

ድሬዳዋ! ከቤቴ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ። አውቶቡሱ ውስጥ ከደስታዬ የተነሳ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ደንገጎን ወጥተህ፣ ሐረማያን አልፈህ፣ አወዳይ ላይ የጫት ግርግር አንድ አፍታ ካስቆመህ ነው፤ ሐረር ነህ። ሆቴላችን ስንደርስ ከመስኮቴ ያንን ተራራ አየሁት። ቤቴ ከተራራው ኋላ ነው። ያን ያህል ቀርቤ አላውቅም፣ እንደዚያም ሰሞን ሩቅ ሆኜ አላውቅም።

አሰልጣኙ ዘንድ ሄድኩ። «ኮች፣ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይፍቀዱልኝ፣ ልጄን አይቼ ልመለስ።»

«ዘመድ ያለበት ከተማ ስንመጣ ሁልጊዜ ይኼ ነው» አሉኝ። «አንተን ልልቀቅህና ነገ ሌላው ደግሞ ደደር አክስት አለችኝ ይላል። እየተሸነፍን ነው እኮ!»

«ቤተሰቤ ወደዚህ ቢመጣስ?»

«ካምፕ ውስጥ ሴትና ልጅ አላስገባም።»

ክርክሩ እዚያ አለቀ። እናቴ ስትሰማ ተናደደች፤ «በር ላይ ደርሶ የማይገባ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው?» አለች። ባለቤቴ ደግሞ ልጅቷን ይዛ ስታዲየም እንዳትመጣ ልጅቷ ሳል ይዟት ነበር። የድሬ ሙቀት ሆቴሉን እንደ ምጣድ ሲያግለው፣ እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ሐረር ላይ አሁን ብርድ ልብስ ያስፈልጋል እያልኩ አስብ ነበር።

ከካምፑ የፈታኝ ቢጫ ካርድ ነው። ካርዶች ተጠራቅመውብኝ ነበር፤ አንድ ከተጨመረ የሚቀጥለው ጨዋታ ያልፈኛል። በዚያ ሳምንት አንድ ቀልጣፋ የክንፍ ተጫዋች ኳሱን አሳልፎኝ ሄደ፤ ኳሱ አለፈ፣ እግሩ አላለፈም። ዳኛው ካርዱን ሲያወጣ ጓደኞቼ ሜዳ ላይ አጨበጨቡልኝ። «ወደ ቤትህ ሂድ እንግዲህ!» አለ በረኛችን ከጎሉ ሆኖ። ሆን ብለህ ነው የሚለኝ እስከ ዛሬ አለ። ወላሂ ሆን ብዬ አይደለም። ግን ማንም ያን ያህል በደስታ የተቀጣ ተጫዋች አይቶ እንደማያውቅ አምናለሁ። አሰልጣኙም ጨዋታ የሌለው ሰው ካምፕ ውስጥ ፊቱን አጨማዶ ከሚዞርብኝ ይሂድ ሳይሉ አልቀሩም፤ «ጠዋት ሂድ፣ ሳይመሽ ተመለስ» ብለው ለቀቁኝ።

ሳልደውል ሄድኩ። ድንገት ገብቼ ላስደስታቸው ብዬ ነው። ገበያው፣ ጊደር መጋላ ላይ ወርጄ ለልጄ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ገዛሁ፤ ትኩስ ስለነበር ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ እጄ ላይ ደረሰ። ቁልቁል ወደ ኤረር በር ስወርድ፣ ከገጠር፣ ከድሬ ጠያራ ለውዝ እያመጡ የሚሸጡ እናት አሉ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከእናቴ ጋር ደንበኛ ናቸው። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንደምን አሉ?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ ሰላምታዬን መለሱና «የማን ሼህ ነህ ልጄ?» አሉኝ።

ማንነቴን ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ያ ረቢ! አንተ ነህ? እኔ እኮ ዐረብ አገር የሄድክ ነው የሚመስለኝ!»

«ድሬዳዋ ነኝ፣ እናቴ።»

«ድሬዳዋ ሆነህ ነው የጠፋኸው?» እፍኛቸውን ለውዝ እየሞሉ ቀጠሉ። «ልጅህ ትናንት እዚህ ነበረች። ለውዝ ስሰጣት ግማሹን ትበላለች፣ ግማሹን ኪሷ ትከታለች። ለማን ነው ስላት ‹የአባ ነው› ትላለች። ማሻአላህ፣ ሆዷ ሰፊ ነው።» አንድ እፍኝ ለውዝ በኪሴ ጨመሩልኝ። የቤታችን በር ጋ ስደርስ ቀጥ ብዬ ቆሜ ፊቴን ጠራረግኩ፤ ጅብ የሚያህል ሰው እያለቀስኩ ልግባ?

እናቴ ከፈተችልኝ። አላህ ይስጣት፣ እሷ ወዲያው አወቀችኝ። አገላብጣ ሳመችኝ፣ ፂሜን በእጇ ይዛ «ማሻአላህ፣ አሁን ሰው መሰልክ» አለች። ባለቤቴ ከማድቤት ወጣች፤ እጇ ላይ ሊጥ ነበረ፣ ስለዚህ በክርኗ አቀፈችኝ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ፣ እኔም እናገራለሁ፣ ማንም ማንንም አይሰማም። «ልጅቷስ?» ስል ጎረቤት ግቢ ልጆች ጋር ናት አሉኝ። እናቴ ወዲያውኑ ክንዴን ይዛ «ወደ ቦታህ ውጣ» አለች። አጋጣሚው ያኮራት ይመስለኛል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ስትጠርገው የከረመችው ትራስ ባለቤቱን ሊያገኝ ነው።

ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። አባቴ ይቀመጥበት በነበረው በኩል ተቀመጥኩ። ከሥሬ ኳ! ኳ! የሚል ነገር ተሰማኝ። ትራሱን ብገልጥ ለውዝ ነው። ከነቅርፊቱ፣ በረድፍ የተደረደረ፣ አንዳንዱ የቆየና የተጨማደደ፣ ግማሹ አሁን በኔ መቀመጫ የተሰባበረ።

በዚያው ቅጽበት ልጄ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ቁመቷ ገርሞኛል። በስልክ ቁመት አይታይም። ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች፣ እግሯ አቧራ ነው፣ አፏ በሙዝ ተለውሷል። ዓይኗ እኔ ላይ ሳይሆን የተቀመጥኩበት ላይ ነበር። ከዚያ የተሰበረውን ለውዝ አየች።

«ተነስ!» አለችኝ በቤታችን ቋንቋ። «የአባ ቦታ ነው! ተነስ!»

እናቴና ባለቤቴ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እግሯን መሬት እየመታች መጮኽ ጀመረች። ባለቤቴ አቅፋ «ይኸው እኮ አባሽ ነው፣ እይው» ስትላት ልጅቷ በንቀት አየቻት። «አባ ድሬ ነው» አለች። «ኳስ ይጫወታል።» ይህን ለሰው ሁሉ ስንቴ ነግራ ይሆን? ይህን ያስተማሯት እናቴና ባለቤቴ ራሳቸው አይደሉም? ልጅቷ የተማረችውን በትክክል ነው የመለሰችው። ባለቤቴ ወደኔ ዞራ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ግን ያው እንደ ልማዷ እየነደደች፣ «ፊትህን አስለመድኳት ስል ፂም አበቀልክብኝ!» አለችኝ።

ልጄ መደቡን ይዛ ሱሪዬን ትጎትታለች። ታለቅሳለች፣ ትጎትታለች።

ተነሳሁ።

«ተቀመጥ አንተ!» አለች እናቴ። «ወንድ ልጅ ከአባቱ ቦታ በሕፃን ተነስ ተብሎ ይነሳል?» እናቴን እምቢ ያልኩበት ቀን ጥቂት ነው፤ ያ አንዱ ነው። ወርጄ እንግዳ የሚቀመጥበት ነደባ ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ ልጅቷን ዝም ላሰኝ ብዬ ያደረግኩት መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን የተነሳሁት እውነቷን ስለሆነ ነው። ቦታው የአባቷ ነው። እኔ ደግሞ ሳይመሽ የምሄድ ሰው ነበርኩ።

ምሳዬን እንደ እንግዳ ተቀምጬ፣ እንደ እንግዳ እያጎረሱኝ በላሁ። እናቴ ቅር ብሏት አንገቷን አዙራለች። ልጄ አሚር ነደባው ሥር ተቀምጣ የተረፈውን ለውዝ ከስብርባሪው ትለያለች፤ አልፎ አልፎ ቀና ብላ ትከታተለኛለች። ሙሸበኩን ስሰጣት ግን ቀረብ አለች። ጣፋጭ ይዞ የመጣ እንግዳ መጥፎ ሊሆን እንደማይችል ወሰነች መሰለኝ፣ ከጎኔ ተቀመጠች።

«አባሽ ጎበዝ ነው?» አልኳት።

«በጣም ጎበዝ ነው። ኳሱን ሲመታው ግንቡን ያልፋል።»

ይኼ እውነት ነው፤ አሰልጣኙም ኳስ ታባክናለህ የሚሉኝ ለዚሁ ነው። «ቁመቱስ?»

ብድግ ብላ የጣሪያውን ወራጅ አሳየችኝ። «እዚያ ድረስ።»

«ፂም አለው?»

«የለውም!» አለች በመገረም። ጣቷን ሙሸበክ እንደተቀባ ፂሜ ላይ አድርጋ ነካ ነካ አደረገችው። «አንተ ሼህ ነህ?»

ባለቤቴ ከማድቤቱ በር ላይ ቆማ ትሰማን ነበር። እኔም ስለዚያ ረጅም ሰውዬ እየጠየቅኩ አንድ በአንድ አዳመጥኩ። ይዘምራል ወይ? አዎ። ይቆጣል ወይ? አይቆጣም። መቼ ነው የሚመጣው? «በቅርብ ቀን» አለች፤ የራሴን ቃል በራሴ አነጋገር። አልዋሽም፣ ቀናሁበት። ያን ሰውዬ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር።

የመሄጃዬ ሰዓት ደረሰ። ባለቤቴን ተሰናበትኩ፤ ስለ ውሉ አንዲት ቃል አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ልጄ እንደ ቤት እመቤት እስከ በሩ ሸኘችኝ።

«አባ ሲመጣ መጥተህ ነበር እለዋለሁ» አለች። ትንሽ አሰበችና «ማን ነው ካለኝስ?» አለችኝ።

«ጓደኛህ ነው በይው።»

«እሺ» አለች፣ በሩንም ዘጋችው።

ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ሚኒባሱ ውስጥ ጫት ታቅፋ የተቀመጠች ሴትዮ «ለቅሶ ደርሰህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይ፣ ቤተሰብ ጥየቃ ነው አልኳት።

በማግስቱ እኔ ተቀጥቼ ከተመልካች መሀል ተቀምጬ ሳይ ቡድናችን አሸነፈ። ያን ሁሉ ጊዜ ስንሸነፍ የኖርነው በኔ ምክንያት ነው ብሎ በረኛችን እስኪሰለቸኝ ቀለደ። ሆቴሉ ኮሪደር ላይ ምላጭ እየተቀባበልን ተላጨን። እሱ ራሱ ነው የላጨኝ፤ እጁ ትልቅ ቢሆንም ረጋ ያለ ነው። የሆነውን ሁሉ ስነግረው ምላጩን ውሃ ውስጥ ነከረ። «የኔ ልጅ ድምፄን ነው የሚያውቀው» አለ። «አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ብሄድ ምን ይውጠኛል?» ሊያስቀኝ ነበር የፈለገው፤ ሁለታችንም አልሳቅንም።

ድሬዳዋ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ በተጫወትንበት ቀን የልጄ ሳል ተሽሏት ባለቤቴ ይዛት መጣች። ጨዋታው እንዴት እንዳለቀ ብትጠይቁኝ አላስታውስም። ፊሽካው እንደተነፋ ታኬታዬን እንኳ ሳልፈታ ወደ አጥሩ ሮጥኩ። ከሽቦው ወዲያ ባለቤቴ ልጅቷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«አባ!» አለች ልጄ።

ብዙ ሺህ ሰው ሲጮኽልኝ ሰምቻለሁ፣ ሲሰድበኝ ደግሞ ከዚያ በላይ ሰምቻለሁ። እንደዚያች ቃል ግን የሰማሁት የለም። ሽቦውን ይዤ ቆምኩ። እሷ ግን የናፈቀች ልጅ ሳትሆን፣ አደራ ተቀብላ የከረመች ሰው ነበረች፤ ቀጥታ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«አባ፣ ጓደኛህ መጥቶ ነበር። ቦታህ ላይ ተቀመጠ። ለውዝህን ሰባበረው።»

«ከዚያስ?»

«አስነሳሁት።»

«ደግ አደረግሽ» አልኳት። ጣቴን በሽቦው አሾልኬ እግሯን ነካሁት። «ደግ አደረግሽ፣ የኔ ልጅ።»

ባለቤቴ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፍናለች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። ልጄ ከኪሷ ያልተሰበረ ለውዝ አውጥታ በሽቦው ቀዳዳ አንድ በአንድ አቀበለችኝ። ሲያልቅ እጇን አራገፈችና ፊቷ ከበድ አለ።

«አባ፣ መቼ ነው የምትመጣው?»

አፌ ላይ «በቅርብ ቀን» የሚለው መጥቶ ነበር። ሳልናገረው እሷ ቀጠለች።

«እኔ ሁልጊዜ መጠበቅ አልችልም እኮ። እንቅልፍ ይወስደኛል። ስተኛ ሰው ይቀመጥበታል።»

ዓመቱ ሲያልቅ አሰልጣኙ ዘንድ ገብቼ እንደማልፈርም ነገርኳቸው። ሌላ ክለብ አግኝተህ ነው አሉኝ። አይ አልኩ። ጉልበትህ ነው? ጉልበቴም ደህና ነው። «ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«ቤት መቀመጫዬን ሰው ሊይዘው ነው፣ ኮች።»

ለመቀመጫ ብለህ ነው ሁለት ዓመት የምትጥለው ብለው ሊጮኹብኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ምን እንዳዩ አላውቅም፣ ዘጉት። እሳቸውም ልጆች አሏቸው፤ ትልልቆች ናቸው፤ ስለነሱ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ተነስተው እጄን ጨበጡኝ።

አሁን እዚሁ ሐረር ታዳጊዎች አሠለጥናለሁ። ኑሮው እንደ ድሮው አይደለም፤ ሜዳውም አቧራ ነው። የመጣሁ ዕለት ሻንጣዬን በሩ ላይ አስቀምጬ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ መሀል ቤት ቆሜ ጠበቅኩ። እናቴ «ምን ይገትርሃል?» ብላ ልትነሳ ስትል ባለቤቴ ክንዷን ነካ አድርጋ «ይተዉት» አለቻት። ልጄ ሻንጣውን ዞራ አየችው። ከዚያ አሚር ነደባው ላይ ወጥታ፣ ትራሱን ልክ እንደ አያቷ በመዳፏ ጠረገችው፣ ከሥሩ ያለውን ለውዝ ወደ ዳር አደረገች፣ ወረደችም።

«ተቀመጥ» አለችኝ።

አመሏ ግን ቶሎ አልለቀቃትም። ለልምምድ ብወጣ፣ መስጊድ ብሄድ፣ ጊደር መጋላ ድረስ ሽንኩርት ልግዛ ብዬ ጫማዬን ባጠልቅ፣ ጨዋታዋን አቋርጣ በሩ ላይ ትደርስብኛለች።

«አባ፣ ልጠብቅልህ ወይስ ልጫወት?»

«ተጫወቺ» እላታለሁ።